ካንዴላ ከመግዛትህ በፊት ያወጣኸውን አንብብ

ልጄ፣ የአያትህን ፊያት 124 ስፖርት ከሸራው ሥር አውጥተህ እንዳስነሳኸው እናትህ ነገረችኝ። እሰይ ብያለሁ። ሞተሩ ግን ቆሞ ሲሠራ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይ እንደሚያንቀው፣ አንድ ወዳጅህም «ኢሪዲየም ካንዴላ አስገባለት፣ አዲስ መኪና ይሆንልሃል» እንዳለህ፣ አንተም ቅዳሜ መርካቶ ልትወርድ ብር እንዳዘጋጀህ ጨምራ ነገረችኝ። ከመውረድህ በፊት ይህን አንብብልኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ የካንዴላ ነገር ከሥሩ ካልተያዘ ገንዘብህን በልቶ አይበቃውም፣ ቴስታታህንም ይበላል።

መጀመሪያ የምልህ፣ ሱቅ አትሂድ። ኮፈኑን ክፈትና ያሉትን አራት ካንዴላዎች አውጣቸው። ሞተር ሳይፈታ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑ እንዴት እንደተቃጠለ በዓይን የሚታይ ምልክት ይዞልህ የሚወጣው ካንዴላው ነው። ያንን ምልክት ሳታይ አሮጌውን ጥለህ አዲስ ብትገዛ፣ መኪናው የነገረህን ሳትሰማ ተነስተህ ሄድክ ማለት ነው።

ለመፍታት ሞተሩ አድሮ ይቀዝቅዝ። ከመንገድ እንደተመለስክ በትኩሱ አትንካው። ቴስታታው አልሙኒየም፣ የካንዴላው አካል ደግሞ ብረት ነው፤ በትኩሱ ሲፈታ የአልሙኒየሙን ጥርስ ቧጦ ሊወጣ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ ጤፍስ ይለቀማል፣ የተበላ የቴስታታ ጥርስ ግን አይለቀምም፣ ቶርኖ ቤት ነው የሚወስድህ።

ሌላም አለ። የአያትህ መኪና ሞተር ባለ ሁለት ካምሻፍት ነው። የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ይባላል፤ ወደ ፊያት ከመምጣቱ በፊት የፌራሪን ሞተሮች ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ካንዴላዎቹ የቆሙት በሁለቱ የካምሻፍት ክዳኖች መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። መኪናው በቆመባቸው ዓመታት ሁሉ አቧራ፣ አሸዋ፣ ከክዳኑ ሥር የሰረገ ዘይት እዚያ ተጠራቅሟል። ካንዴላውን ስትነቅለው ያ ሁሉ ቆሻሻ በቀዳዳው በኩል ፒስቶኑ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ካንዴላ ከሩብ ዙር እስከ ግማሽ ዙር ብቻ ፈታ አድርግ፤ ከዚያ ከሰፈርህ ጎሚስታ የአየር ቱቦ አስመጥተህ ወይም መኪናውን እዚያው አቁመህ ጎድጓዳውን በአየር አስነፋ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ አውጣ። እምቢ ያለህን በጉልበት አትግጠመው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ጠብቅ፣ ትንሽ ፈታ፣ መልሰህ ጠበቅ፣ ደግሞ ፈታ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ገመዶቹን ስታወጣ ሽቦውን ሳይሆን የጎማ ቆቡን ይዘህ ሳብ፤ በየገመዱም ላይ ቁጥሩን ለጥፍ። አንደኛ ሲሊንደር የሚባለው በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። የዚህ ሞተር ብልጭታ የሚሄደው 1-3-4-2 በሚል ተራ ነው፤ ገመድ ብታዛባ አዲስ ካንዴላ አድርገህም ሞተሩ ይተኩሳል እንጂ አይሄድም።

አሁን ነጭ ጨርቅ ዘርጋና ከፊት ወደ ኋላ በተራቸው ደርድራቸው። ጥላ ውስጥ ሳይሆን ፀሐይ ላይ አውጥተህ እያቸው። ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ሸክላ ተመልከት። ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። የድሮ መካኒኮች «የቡና ቀለም ካላየህ አትመን» ይሉ ነበር፤ ያ አነጋገር እርሳስ ያለበት ቤንዚን በነበረበት ዘመን የተለመደ ነው። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ትቷል፤ በአሁኑ ቤንዚን ጤነኛ ካንዴላ ከዱሮው ነጣ ብሎ ይታያል። ነጣ ስላለ ብቻ ቶሎ ደንግጠህ ካርቡሬተሩን እንዳትነካካ።

ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጣትህን የሚያጠቁር ጥላሸት ካየህ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁሩ የሚያብረቀርቅና እርጥብ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ ከሆነ ደግሞ ዘይት ነው፤ በፒስቶኑ ፋሻ ወይም በቫልቮቹ የዘይት ማገጃ ጎማ በኩል እየሰረገ ነው። የቤንዚን ሽታ ያለው እርጥበት ከሆነ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ አልደረሰም፤ ገመዱን፣ ቆቡን፣ ሸክላው መሰንጠቁን እይ። ሸክላው ኖራ መስሎ ነጥቶ፣ የብረቱ ጫፍም ቀልጦ የተኮማተረ ከሆነ ካንዴላው ከመጠን በላይ ግሏል። ሸክላው ላይ እንደ ጨው የተበተኑ የብር ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካየህማ መኪናውን አቁም፤ ከፒስቶኑ የተላጠ አልሙኒየም ሊሆን ይችላልና የማቀጣጠያውን ሰዓት ሳታስመረምር አትንዳው።

ከቀለሙ ይልቅ እኔ አብልጬ የማየው አራቱ መመሳሰላቸውን ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆኑ ችግሩ የጋራ ነው፦ ካርቡሬተር፣ የታፈነ ፊልትሮ፣ ተዘግቶ የማይከፈት ሾክ፣ የደከመ ፑንቲና። ሦስቱ ጤነኛ ሆነው አንዱ ብቻ ከተለየ ግን ችግሩ የዚያው ሲሊንደር ነው። ያኔ የተለየውን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይረህ ትንሽ ቀን ንዳና እንደገና እይ። ምልክቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ አዲስ ካንዴላ ብትገዛ ኖሮ ገንዘብህ ባክኖ ነበር። ለዚህ ምርመራ አንድ ሳንቲም አላወጣህም።

አሁን ስለ አገራችን ከፍታ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ፊያት ካርቡሬተሩን ያስተካከለው ለቱሪን ነው እንጂ ለእንጦጦ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ እንጀራው ተቀንሶ ወጡ ብዙም ያልተቀነሰበት ገበታ ይሆናል። ትርፉ ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይቀመጣል። ጥላሸት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ብልጭታ መሆን የነበረበት ኃይል በሸክላው ላይ እየሾለከ ወደ ቴስታታው ይገባል፣ ሞተሩም በሦስት ሲሊንደር ይሠራል። አንተ ዳገት ላይ «ያንቀዋል» ያልከው ይኸው ሊሆን ይችላል።

ካንዴላ ራሱን ከጥላሸት የሚያጸዳው ጫፉ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ከ800 በላይ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ብልጭታው ሳይመጣ ቤንዚኑን አስቀድሞ ማቀጣጠል ይጀምራል፤ ይህ ፒስቶን ይበሳል። ከፒያሳ እስከ ሳሪስ በፍሬንና በፍሪሲዮን ብቻ ስትጓዝ የምትውል ከሆነ ጫፉ የመጀመሪያው ዲግሪ ላይ እንኳ በቅጡ አይደርስም። ለዚህ ነው አንዳንዱ «ሞቅ ያለ ካንዴላ አስገባ» ብሎ የሚመክርህ። ምክሩ ለከተማ ውሎ ያስኬድ ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ካንዴላ በፍጥነት ወደ አዳማ፣ ከዚያም 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው አዋሽ ሰባት ብትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል፤ ያ ሞቃት ካንዴላ ያኔ ጠላትህ ነው። የበዛውን ቤንዚን ትተህ ካንዴላ ብትለዋውጥ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መሆኑ ነው። የሚታከመው ካርቡሬተሩ ነው፦ ፊልትሮውን ቀይር፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ፣ የተንሳፋፊውን ከፍታ አስለካ፣ ካስፈለገም ቤንዚን በምትለካው የነሐስ ቀዳዳ ቦታ አንድ ደረጃ ጠበብ ያለች አስገባ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካውን ካንዴላ አስገባና ተኛ።

የፋብሪካው የቱ ነው? ብትለኝ፣ በመጀመሪያ የመኪናውን መጽሐፍ ፈልግ፤ አያትህ ወረቀት የሚጥል ሰው አልነበረም። እዚያ ላይ የቦሽ ደብሊው175ቲ30 ወይም የቻምፒዮን ኤን9ዋይ የሚል ብታገኝ አትደናገር። ቦሽ ቁጥሩን ከቀየረ ቆይቷል፤ ያው ደብሊው175ቲ30 ዛሬ ደብሊው7ዲ ነው፣ መዳብ የገባበት ደግሞ ደብሊው7ዲሲ። በኤንጂኬ ቢፒ6ኢኤስ፣ በሩሲያው ኤ17ዲቪ ማለት ነው። አራቱም ጥርሳቸው 14 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 19 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ ሙቀታቸውም ይቀራረባል። ሽያጩ ላይ የቆመው ልጅ የፊያት ስፖርት ካንዴላ ብትለው አይቶትም ላያውቅ ይችላል። «ለላዳ» በለው፣ ወዲያው ያወርድልሃል። ፊያትና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ተስማምተው ቶልያቲ ላይ የተሠራው ፋብሪካ ያወጣው ላዳ የፊያት 124 ልጅ ነው፤ ሞተሩ የተለየ ቢሆንም በካንዴላ ይዛመዳሉ። አዲስ አበባን በሰማያዊና ነጭ ቀለም ስንት ዘመን ያመላለሱት ላዳዎች ለአያትህ መኪናም ባለውለታ ናቸው።

ቁጥሩን ስታነብ ግን ተጠንቀቅ፤ ነጋዴውም ደንበኛውም የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል። በቦሽና በቻምፒዮን ቁጥሩ ሲጨምር ሞቃት ይሆናል። የቦሽ 5 ከቦሽ 7 ይቀዘቅዛል፤ የኤንጂኬ 5 ከኤንጂኬ 7 ይሞቃል። የድሮው የቦሽ ቁጥር ደግሞ ከአዲሱ ጋር እንኳ ተገላቢጦሽ ነው፦ 225 ከ175 ይቀዘቅዛል። ስለዚህ «ስድስት ቁጥር ስጠኝ» ብሎ መግዛት የለም። የማንን ስድስት? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ርዝመት ላይ ነው። የቮልስ ካንዴላ ጥርሱ እንደ አንተው 14 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ርዝመቱ ግን 12.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረው ታገኛቸዋለህ፣ አንተም ጋ ይገባል፣ ይጠብቃልም። ብልጭታው ግን ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ ከታች ባዶ የቀረውን የቴስታታ ጥርስም ጥላሸት ይሞላዋል፤ ኋላ ትክክለኛውን ረጅም ካንዴላ ልታስገባ ስትል አይገባልህም። ረጅሙን ቮልስ ላይ ያስገባ ሰው ደግሞ ፒስቶን ሊመታ ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ካወጣሃቸው አንዱን በኪስህ ይዘህ ሂድ፣ አዲሱን አጠገቡ አቁመህ ጥርሱን ከጥርሱ ጋር አስተያይ። በእርግጥ አሮጌው ራሱ ስሕተት ሆኖ ገብቶ ከሆነስ? ያኔ ነው የመጽሐፉ ነገር የሚያስፈልግህ።

አሁን ውረድ። ቅዳሜን ተው፤ ቅዳሜ መርካቶ ሰው እየገፋህ፣ ተሸካሚ «ዞር በል!» እያለህ፣ ካንዴላ የሚያህል ትንሽ ዕቃ አትመረምርም። በሥራ ቀን ጠዋት ሂድ። ሶማሌ ተራ ስትደርስ ደላላው «ምን ጎደለህ?» ብሎ ይቀበልሃል፤ በትሕትና አመስግነህ እለፈው፣ ራስህ ሱቅ ለሱቅ ጠይቅ። ሦስት አራት ሱቅ ሳትጠይቅ ዋጋ አትቁረጥ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ የምትፈልገውን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ፣ አሮጌውን ካንዴላ በእጅህ ይዘህ ከቆምክ ግን ነጋዴው የሚያውቅ ሰው እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል፤ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ የመርካቶ ነጋዴ የኋላውን መደርደሪያ ይከፍታል። እዚያ ክርስቶስንም አላህንም ፈርተው የሚሸጡ፣ «ይሄ ኮፒ ነው፣ ያንተን ሞተር አይመጥንም» ብለው ሽያጭ የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ስታገኝ ደንበኛው ሁን፣ ሱቅ አትቀያይርበት።

ፎርጂዱን ለመለየት ካርቶኑን አትመን፤ ካርቶን ማተም ቀላል ነው። ዕቃውን አውጥተህ ደጅ ብርሃን ላይ ያዘው። ጥርሱን በጥፍርህ ከላይ ወደ ታች ሂድበት፤ ኦርጅናል ከሆነ ለስላሳ ነው፣ ጥፍር አይዝም። ሥሩ ያለችውን ቀለበት አሽከርክራት፤ ብትዞርም በጣት ስትስባት በቀላሉ መውለቅ የለባትም። የመካከሉ ብረት ከላይ ካለው ጎባጣ ብረት ጋር ልክ ፊት ለፊት መቆም አለበት፤ ወደ ጎን ካዘነበለ መልሰህ ስጠው። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ ጠርቶ የታተመ፣ በአውራ ጣት ሲታሽ የማይደበዝዝ ይሁን። አራቱንም እንዲህ እይ፤ አንዱን አይቶ ሦስቱን ማመን የለም። ደረሰኝም ተቀበል። ታጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ «እንደ አዲስ» የተባለ ካንዴላ ከመንገድ ዳር አትግዛ፤ የሽቦው ብረት ሸክላው ላይ መስመር ጥሎ ይቀራል፣ በዚያ መስመር ላይ ብልጭታው ይሾልካል።

ሦስት ጥቃቅን ነገር ልጨምርልህ። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «-11» የሚል ካየህ ተወው፤ ያ ካንዴላ ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ሆኖ ለኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የተሠራ ነው፣ ያንተ ፑንቲና ያን ያህል ክፍተት አያዘልልም። «አር» የተጨመረበት፣ ማለትም ቢፒአር6ኢኤስ ብቻ ካገኘህ ግን አትመለስ፤ ውስጡ ለሬዲዮ ጫጫታ የሚገባ ተቃዋሚ አለው እንጂ ሞተርህን አይጎዳም፣ «አር» የሌለበትንም ዛሬ ማግኘት እየከበደ ነው። ሌላው ደግሞ ካንዴላው አናት ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ፍሬ ናት፤ የአንዳንዱ ትፈታለች። የገመድህ ቆብ ፍሬዋን የሚፈልግ ከሆነ በፒንሳ ጠበቅ አድርጋት። ልል ሆና ብትቀር ብልጭታው እዚያው ይበተናል፣ አንተም ሳምንት ሙሉ ካርቡሬተር ስትፈታ ትከርማለህ።

ኢሪዲየሙን በተመለከተ የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ አትግዛ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልዋሽህም፤ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ በትንሽ ኃይል ያበራል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ያንተ ሞተር ግን ገና ቤንዚኑ ያልተስተካከለ፣ ፋሻው ያልተመረመረ ነው። ጥላሸትና ዘይት ኢሪዲየምን አይፈሩትም፣ በሳምንት ያጠቁሩታል፤ ያ ሁሉ ብር ከጥላሸት ጋር ይቀራል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ ላንተ መኪና ግን መዳቡ ራሱ ወርቅ ነው። መዳብ የገባበትን ተራውን ካንዴላ ሁለት ጊዜ ግዛ፦ አንዱን ስብስብ አስገባ፣ አንዱን አስቀምጥ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አውጥተህ እይ፣ 15,000 ሲሞላ ቀይር።

ስለ መግዛት ይህን ያህል ያስረዘምኩት ጊዜው ስለሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 ከመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ያለን የቤንዚን መኪና ተተኪ የሌለው እየሆነ ነው። አያትህ ያቆየልህ ፊያት ቴስታታው ቢበላሽ ሌላ ቴስታታ ሶማሌ ተራ ተሰቅሎ አይጠብቅህም። ለካንዴላው ሳይሆን ለቴስታታው ብለህ ነው የምትጠነቀቀው።

እንግዲህ ወደ መግጠሙ። ፊለር ጌጅ ወስደህ ክፍተቱን 0.6 ሚሊሜትር አድርግ፤ ከፋብሪካ እንደመጣ አትመነው፣ በመንገድ ይወድቃል፣ ይጨፈለቃል። ጎባጣውን ብረት ብቻ ነው የምታጎብጠው፤ የመካከሉን ከነካህ ሸክላው ይሰነጠቃል። ጥርሱ ላይ ቅባት አትቀባ። የድሮ ሰዎች ግራፋይት ይቀቡ ነበር፤ ያሁኑ ካንዴላ ጥርሱ የተለበጠ ስለሆነ አይፈልግም፣ የተቀባ ጥርስ ደግሞ መፍቻው ልክ ነው እያለህ ሳታውቀው ከልክ በላይ ይጠብቃል።

መፍቻ ከመያዝህ በፊት በጣትህ አስገባ። ቦታው ጠልቆ ጣት የማይደርስ ከሆነ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ቁራጭ አናቱ ላይ ሰክተህ በእርሱ አሽከርክር፤ ጥርስ ከጥርስ ተዛብቶ ከሆነ ቱቦው ራሱ ይሾራል እንጂ አያስገድድም። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ አዙረው፣ «ጠቅ» ብሎ ቦታውን ሲይዝ ይሰማሃል፤ ያኔ ወደ ቀኝ። ቢያንስ አምስት ስድስት ዙር በጣት ኃይል ብቻ መግባት አለበት። ሁለት ዙር ሄዶ ከደረቀ አውጣውና እንደገና ጀምር። ቀለበቷ ቴስታታውን ስትነካ 21 ቁጥር የካንዴላ መፍቻ ወስደህ ከግማሽ ዙር እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ጨምር፣ በቃ። የማጥበቂያ መለኪያ ያለው መፍቻ የሚያውስህ ጋራዥ ካለህ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ያወጣኸውን መልሰህ የምታስገባ ከሆነ ቀለበቷ አስቀድማ ተጨፍልቃለችና ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃታል።

ጎበዝ ክንድ እዚህ አያስፈልግም። ረጅም ብረት መፍቻው ላይ ሰክቶ የሚያጠብቅ መካኒክ ካየህ እጁን ያዘው፤ በአክብሮት፣ ግን ያዘው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። እንዲያ የጠበቀ ካንዴላ ከዓመት በኋላ ሲፈታ ጥርሱን ይዞ ይወጣል፤ ያኔ ቀዳዳው ተሞርዶ የብረት ጥርስ ይለበድለታል፣ ቴስታታው ወርዶ፣ ጋስኬቱ ተቀይሮ። በጣም የላላም አይሁን፤ ካንዴላ ሙቀቱን የሚያወጣው በጥርሱና በቀለበቷ በኩል ስለሆነ የላላ ካንዴላ ይግላል፣ ይነፍሳልም።

ከገጠምክ በኋላ ጆሮህ ሊያታልልህ ይችላል፤ አዲስ ካንዴላ ሁሉ ለጊዜው ያሳምራል። ስለዚህ ሞተሩን በደንብ አሙቀህ የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ እየረገጥክ ውጣ፤ አናቱ ላይ ሰው የሌለበት ሰፊ ቦታ ስታገኝ መኪናውን አቁመህ ወዲያው ሞተሩን አጥፋው፣ ቆሞ እንዲሠራ አትተወው፤ ቆሞ ሲሠራ ጥላሸቱን ይቀባና የዳገቱን ምልክት ይሸፍንብሃል። ቁጭ ብለህ አየር ቅዳ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሞተሩ ይብረድ። ከዚያ አንዱን አውጥተህ እይ። ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ካርቡሬተርህ ታክሟል። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ገና ነው፣ ቤንዚኑን ቀንስ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ፤ ዛሬ ከታየ በአንድ ካቻቢቴ የሚስተካከል ነገር ነው።

ያወጣሃቸውን አራት አሮጌዎች አትጣል። በየወረቀቱ ጠቅልለህ የሲሊንደሩን ቁጥር ጻፍባቸው። እናትህ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል ብላኛለች፤ እንደዚያ ከሆነ አንደኛው በዘይት የራሰ መሆኑ አይቀርም። የትኛው እንደሆነ ካየህ በኋላ ጋራዥ ወስደህ የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለካና ውጤቱን ጻፍልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የፋሻ ወጪ ይመጣል ብለህ ፈርተህ እንዳትደብቀኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ፤ ካንዴላዎቹንም የኮምፕሬሽኑንም ቁጥር ይዘህ ና።